የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ

ውድ ልጄ አንሰል፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ተቀይሜ እንዳይመስልህ። ተቀይሜ ነበር፣ ግን ያዘገየሁት በዚያ አይደለም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኘዋለህ፤ እስከዚያ ድረስ ግን እንደ ልማድህ መሐሉን ዘለህ እንዳታነብ።

ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት ይዛልኝ የመጣችው ኦቲሊ ናት። መነጽሬን እስካገኝ መታገሥ አቅቷት «ያ ያበደ ልጅሽ ምን ይላል?» እያለች አናቴ ላይ ቆመች። እኅትህ ላንተ ያላት ፍቅር መቼም የሚወጣው በስድብ ነው። አንብቤ ስጨርስ አጣጥፌ የስፌት ቅርጫቴ ውስጥ ከተትኩትና «ደህና ነኝ ይላል» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ሌላው፣ በግንቦት እንደገና ልትጀምር መሆኑ ነው። ካንሳስ ላይ፣ መሬቱ ጠንከር እንዳለ፣ በዚያችው አውሮፕላን። «እማዬ፣ ትመጫለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?» ትልና እዚያው ወረቀት ላይ ዝቅ ብለህ ሌላ ሰው እንዳገኘህ ትጽፋለህ። ወይዘሮ ፕሩዊት። ድሮ ቲያትር ትሠራ የነበረች፣ አሁን ዊቺታ ውስጥ ከአንድ ማረፊያ ቤት የምትኖር፣ በፈለገችው ሰዓት እንባዋን የምታወርድ። ጥያቄውንና መልሱን አንድ ላይ መላክ ከአባትህ የወረስከው ነው። እሱም «ለእራት ምን ይሻላል፣ ድንች ነው አይደል?» ይለኝ ነበር።

አልመጣም፣ አንሰል። ይህን አስቀድሜ ልበለውና ይውጣልኝ። ደክሞኛል። ጉልበቴ የባቡር ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ግራ ጆሮዬም ባለፈው ዓመት ከሞተርህ ጩኸት በኋላ ተዘግቶ ቀረ፤ ኦቲሊ የምትሰድብህን ግማሹን አልሰማም። ይሄ ግን የሚቻል ነው። ያልቻልኩት ልጄን እንደማላውቀው ሆኜ መዞርን ነው። ስድስት በጋ ቻልኩት፣ ሰባተኛው አቃተኝ።

የተጀመረበትን ቀን ታስታውሰው ይሆን? ከጦሩ ትርፍ ዕቃ ላይ በሣጥን ተፈታታ የመጣችውን አውሮፕላን በአጎትህ በጉስታቭ ጎተራ ውስጥ ገጣጥመህ ኔብራስካን ስትዞር ያ የመጀመሪያው በጋህ ነበር። ሰው ይመጣል፣ አጥሩ ላይ ይደገፋል፣ የያዘውን የተጠበሰ ዶሮ ይበላል፣ ባልደረባህ ፍሎይድ ክንፉ ላይ ሲራመድ አፉን ከፍቶ ያያል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትኬት የሚገዛ የለም። የጉስታቭ ግጦሽ ላይ ባረፍክ ጊዜ ምሳ ይዤልህ ስመጣ አንገትህ ከሸሚዝህ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። «እማዬ፣ አንዴ ላውጣሽ» ስትለኝ እምቢ ማለት ያልቻልኩት ስለከሳህብኝ ነው እንጂ ሰማይ አምሮኝ አይደለም።

ስወርድ ጸጉሬ ተበታትኖ፣ ባርኔጣዬ ጀርባዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «የልብስ ማስጫ ገመዴን ከላይ አየሁት!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ከወተት ቤቱ የመጣው ያ ግዙፍ ሰውዬ «እኔማ ሥራዬ መሬት ላይ ነው» ሲል ሚስቱ ከጋሪው ላይ ሆና የተናገረችው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

«አሮጊቷ ወጥታ ወርዳለች። አንተ ታዲያ ሱሪውን ለምን ለበስከው? አውልቀህ ስጣት!»

ወጣ። ከሱ በኋላ ወንድሙ፣ ከወንድሙ በኋላ ጎረቤቱ። እስኪመሽ ድረስ ወንዱ ሁሉ ሰልፍ ያዘ። የዚያን ዕለት ማታ ሾርባህን እየጠጣህ «እማዬ፣ ይሄን ነገር በየከተማው ብንሠራውስ?» አልክ።

እንዲህ ሆነን ቀረን። እኔ በባቡር ቀድሜ እገባለሁ፣ አንድ ማረፊያ ቤት አልጋ እይዛለሁ፣ የእኅቴን ልጅ ልጠይቅ የመጣሁ መበለት ነኝ እላለሁ። በማግስቱ አንተ የቤቱን ጣሪያ ልትነካ ጥቂት እስኪቀርህ ዝቅ ብለህ ከተማው ላይ ትዞራለህ፣ ሰው ወደ ሜዳው ይጎርፋል፣ እኔም የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ጃንጥላዬን ይዤ አብሬ እጎርፋለሁ። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። አንተን ማየት የለም። በስም መጥራት የለም። ምሳ ማምጣት የለም። ሰው ሲሰበሰብ እኔ ከመሐል ወጥቼ በጃንጥላዬ አውሮፕላኗን ጠቆም አደርጋለሁ።

«የኔ ጌታ፣ ይሄ ነገር ላይ ወጥቶ የቀረ የለም?»

«እስካሁን እላይ የቀረ የለም፣ እማማ። ሁሉም በሆነ መንገድ ወርዷል።»

ሰው ይስቃል። እኔ አማትባለሁ፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ አንድ እግሬን አንሥቼ እመልሳለሁ። አንተ ክንዴን ይዘህ «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» ትለኛለህ። ፍሎይድ ቀበቶዬን እያሰረ «ሁልዳ፣ ዛሬ ደግሞ ትንሽ አልቅሺ፣ እዚህ ያሉት ጠንካሮች ናቸው» ይለኛል በሹክሹክታ። አንተም ማታ ማታ «ሁለት አሮጊት ይዤ ነው የምዞረው፤ አንዷ ቤንዚን ትጠጣለች፣ አንዷ ቡና» እያልክ ትቀልድ ነበር። አልዋሽህም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስ ይለኝ ነበር። በሰው ፊት «እርስዎ» ስትለኝም ያስቀኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ አክብሮት አይቼብህ አላውቅም።

እያደር ግን ደስታው አለቀ። አዮዋ ውስጥ አንዲት ልጇ በጦርነቱ ፈረንሳይ የቀረባት ሴት እራት ጋብዛኝ ፎቶግራፉን እጄ ላይ አድርጋ «አንቺስ ልጅ አለሽ?» አለችኝ። «ሴት ልጅ አለችኝ» አልኳት። አንተ ከዚያ ቤት ባሻገር ሜዳው ላይ፣ ክንፉ ሥር ብርድ ልብስህን ተጠቅልለህ ነበር፤ በመስኮቷ ይታየኝ ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ አንዷ ከጎኔ ቆማ አንተ ስትገለባበጥ እያየች «ይሄንን የወለደች እናት ምን ዓይነት ሰው ትሆን?» አለችኝ። «እኔንም ይገርመኛል» አልኳት። እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም።

ታዲያ ለምን ስድስት በጋ ዞርሽ ትለኝ ይሆናል። ኦቲሊ የሰርከስ ኑሮ ስለጣመኝ ይመስላታል። አንተ ደግሞ ገበሬ ለማሳፈር ይመስልሃል። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፣ አሁን ልንገርህ።

ሁለተኛው በጋ ላይ ነው። አንድ ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጠራ፣ እኔም እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሰው ሳይመጣ ሜዳው ዳር ደርሼ የበቆሎው አጥር ጀርባ ቆምኩ። አንተና ፍሎይድ ከተማውን ዞራችሁ ሰው ልትጠሩ ነበር። ሲጋራህን ጣልክ፣ ጎማውን በጫማህ መታ አደረግህ፣ ወጣህ፣ በረርክ። በቃ። አንድ ነገር አልነካህም። ተመልሰህ ሰው ተሰብስቦ የኔ ተራ ሲደርስ ግን ወደ መቀመጫው ከመውሰድህ በፊት አውሮፕላኗን ዞርካት። በላይኛውና በታችኛው ክንፍ መሐል የተወጠሩትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣትህ ሳብ እያደረግህ፣ ጆሮህን ዘንበል አድርገህ፣ ቫዮሊን እንደሚቃኝ ሰው። ሸራውን በመዳፍህ ጫን ጫን አልከው። የተሰፋውን አየህ። እኔ ለሕዝቡ የምታሳየው የትርኢቱ አካል መስሎኝ ነበር። ዐይንህን ሳየው ግን ለሕዝቡ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በየከተማው ጠበቅኩህ። ብቻህን ስትወጣ ጎማውን በእግርህ መታ ታደርጋለህ። ከፍሎይድ ጋር ስትወጣ ጎማውን በእግርህ መታ ታደርጋለህ። እኔ ስሣፈር ሽቦውን ሁሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ሽቦ ጣትህ ሥር ላላ ሲልብህ ፊትህ ነጣ፣ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብለህ መፍቻ አነሣህ። የዚያን ቀን ከኔ በኋላ የወጣው ሰው ሁሉ፣ ፍሎይድም፣ አንተም፣ በኔ ሽቦ ነው የበረራችሁት።

እናም መጣሁ። በየዓመቱ «የመጨረሻዬ ነው» እያልኩ መጣሁ። ወገቤ እያመመኝ፣ የማላውቀው ሰው አልጋ ላይ እየተገላበጥኩ፣ የሌለች የእኅት ልጅ ስም እየፈጠርኩ መጣሁ። በቀን አንዴ ያቺን አውሮፕላን ዞረህ እንድታያት የሚያደርግህ ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጎመኔን እተክል ነበር።

አሁን ወደ ባለፈው ሐምሌ ልምጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ስለሱ አላነሣንም፤ አንተ በበኩልህ ያለፈ መስሎህ ይሆናል።

የነፃነት በዓል ነበር። የግጦሹ ባለቤት፣ ዘለንካ የሚባለው ከቼክ አገር የመጣ ሰው፣ በዋዜማው ማታ ዝናብ ሲመጣ «ና ቤት እደር» ብሎህ አውሮፕላኗን ግጦሹ ላይ ትተሃት ገባህ። ላሞቹን ረሳችኋቸው። የዘለንካ ላሞች ያንን ሸራው ላይ የምትቀባውን ቫርኒሽ እንደ ጨው ሲልሱት አድረው የታችኛውን ግራ ክንፍ በልተውት ነጋ። እኔ ይህን አላወቅኩም፤ ከተማ ውስጥ ነበርኩ። ስደርስ የማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ የከተማው ሹም ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፣ ልጆች ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ እንደዚያ ያለ ሰው አይተን አናውቅም። ክንፉ ላይ ደግሞ የኔን የትራስ ልብስ አየሁት። ራሴ የጠለፍኩልህን፣ ሰማያዊ አበባ ያለውን። ለጥፈኸው ቀብተኸዋል፣ ቅቡ ገና ያበራል።

ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ያ ጨርቅ ትናንት እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የምናገረው ግን በትርኢቱ ቋንቋ ብቻ ነው።

«የኔ ጌታ፣ ይሄ አበባ ምንድን ነው?» አልኩህ።

«ጌጥ ነው፣ እማማ! ለእርስዎ ብዬ ነው!»

ሰው አጨበጨበ። ሽቦዎቹን እስክትነካ ጠበቅኩህ። አልነካህም። ሸራውን በመዳፍህ ጫን አላልከውም። ክንዴን ይዘህ ወደ መቀመጫው ጎተትከኝ። እግሬ አልሄድ አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። «እማማ፣ ባልሽ ሰማይ ቤት እየጠበቀሽ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። አንተ ቀበቶውን ስታስር ጆሮዬ ሥር ሆነህ «እማዬ፣ በቃሽ፣ አታብዢው፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልከኝ። «አንሰል፣ አልደረቀም» አልኩህ። ሞተሩ ተነሣ። አልሰማህም፣ ወይም ሰምተሃል።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ከዛፎቹ በላይ እንደወጣን አበባዬ ተነሥቶ ይርገበገብ ጀመር፣ ከዚያ ተቦጭቆ ሄደ፣ ክንፉም ወደ ግራ ወደቀብን። እንዴት አድርገህ እንደመለስካት አላውቅም። ጥሩ አብራሪ ነህ፤ ይህን ማንም አይወስድብህም። መሬቱን ስንመታ ጎማው ተሰበረና በአፍንጫዋ ተተከለች። እኔ ምንም አልሆንኩም። ዞር ብዬ ሳይህ ግንባርህ ከፊትህ ካለው እንጨት ላይ ተደፍቶ፣ ደም በመነጽርህ ላይ ይወርዳል፣ አትንቀሳቀስም።

«አንሲዬ! አንሲዬ፣ እናትህ ነኝ! ስማኝ!»

በልጅነት ስምህ ጠራሁህ፣ ያ ሁሉ ሰው አጥሩን ዘሎ እየሮጠ እየመጣ። ቀና አልክ። ያን ቀና ማለትህን ለማየት የያዝኩትን ሁሉ እሰጥ ነበር፣ ደግሞም ሰጥቻለሁ። ከዚያ ሰው ከበበን። አንዲት ሴት «እናቱ ናት እንዴ?» አለች። ሌላው «ለካ ሲያላግጡብን ነበር!» አለ። ባንዱም አቆመ። የዚያን ቀን ማንም ትኬት አልገዛም፤ ዘለንካ ብቻ፣ እግዜር ይባርከውና፣ ጎማውን እየሰበሰበ «እኔ እንኳን ላሞቼን ነው የምወቅሰው» እያለ ሊያስቀን ሞከረ።

ማታ ግንባርህን ሳጥብልህ የተናገርከውን ግን አልረሳውም። «መንቀጥቀጥሽ ግሩም ነበር፣ እማዬ። እንደዛሬ ተጫውተሽ አታውቂም። መጨረሻ ላይ መጮኽሽ ነው ያበላሸው።»

አልተጫወትኩም፣ አንሰል።

በመጮኼ አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን እጮሃለሁ። ያዳከመኝ ሌላው ነው። ክረምቱን ሙሉ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሳስበው የከረምኩት ያቺን ነገር ነው፤ እኔ መቀመጫው ላይ እያለሁ ሽቦውን አለመንካትህን። ስድስት በጋ የተሸከምኩት በሙሉ አንድ ነገር ላይ ነበር የቆመው፣ እናቱን ይዞ ሳያይ አይወጣም በሚል። የማርሽ ባንድ ሲነፋ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጠብቅ ግን ወጣህ። ክፉ ሆነህ አይደለም። ሰው ሲጠብቅህ ሌላ ነገር አይታይህም፤ ከልጅነትህ እንዲሁ ነህ፤ ጎተራ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ስትዘልም የጎረቤት ልጆች ስላሉ ነበር። እናትህን እምቢ ትላለህ። ሕዝብን ግን እምቢ ብለህ አታውቅም።

እና እኔ መጥቼ ብቀመጥ ምን እፈይድልሃለሁ? ሥራህን ተው ልልህም አስቤ ነበር። ፍሎይድ ተወው፣ ኦማሃ ውስጥ ጫማ እየሸጠ፣ አግብቶ፣ ወፍሯል ይላሉ። አንተ ግን ጫማ አትሸጥም። ብለምንህም ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ ትከታለህ፤ ስለዚህ አለምንህም።

መልሴ የዘገየው በዚህ ነው። ለወይዘሮ ፕሩዊት ጻፍኩላት። የማረፊያ ቤቱን ስም በደብዳቤህ አስፍረህልኛል፤ እግዜር ይስጥህ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ባርኔጣውንና ጃንጥላውንም ላክሁላት፣ አንተ አዲስ እንዳታስገዛት። አብሬም አንድ አዲስ ቃል ጨመርኩላት፣ ትርኢቱ ላይ የምትለው።

ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንተ ክንዷን ልትይዝ ስትል፣ እሷ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ተክላ ትቆማለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ የመጨረሻው ጋሪ ላይ ያለው እንኳ እንዲሰማት ሆና፣ «እስቲ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብልኝ! ሸራውንም ጫን ጫን አድርገው! ሳላይ አልወጣም!» ትልሃለች። ሕዝቡ ይስቃል። ይወደዋል፣ አውቀዋለሁ እኮ ሕዝቡን፣ ስድስት ዓመት መሐሉ ቆሜያለሁ። ስትስብ አብሮህ ይቆጥራል። አንዱን ብትዘል «አንድ ቀረህ!» ብሎ ይጮኽብሃል። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊትህ አድርገህ ደግሞ እምቢ አትልም።

መልሷ ትናንት ደረሰኝ። ጽሕፈቷ ያምራል። «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ባቡር ላይ ይሠራል፣ የአንዱን አድራሻ አላውቅም» ትላለች። «ቃሉን ወድጄዋለሁ፤ ጥሩ ሳቅ ያመጣል። እኔም የምወጣበትን ነገር አይቶ መውጣት ደስ ይለኛል። አንድም ቀን አልዘለውም፣ በልጆቼ ይሁንብኝ» ብላለች። እንባዋን በፈለገችው ሰዓት ታወርዳለች ያልከኝ ሴት እንዲህ ስትል አመንኳት።

ስለዚህ በግንቦት፣ የመጀመሪያው ሜዳ ላይ፣ የኔን ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከሰው መሐል ወጥታ ስትጠይቅህ አትቆጣ። «እሺ፣ እማማ» በላት፣ አስቃቸው፣ እንደምታውቅበት። ሽቦዎቹን ግን እስከ መጨረሻው ሳባቸው።

እኔ ጎመኔን እተክላለሁ። በመስከረም ስትመለስ ምሳ ይዤ እስከ ጉስታቭ ግጦሽ ድረስ እመጣለሁ፤ እዚያ ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቀን ልትደብቀኝ አትችልም።

በየሜዳው የማታውቀኝ፣
እናትህ ሁልዳ